ያሠለጠንኩት ልጅ በ8 ሺህ ብር ይበልጠኛል፤ ሕጉ ምን ይላል?

ደብተር_ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። የወር መዝጊያው፣ የቫት ዲክላሬሽኑ፣ የባንክ ማስታረቂያው፣ ኦዲተር ሲመጣ ፋይል ተሸክሞ መቆሙ፣ ሁሉም የእኔ ነው። አምና አንድ ልጅ በእኔው መደብ ተቀጠረ። ጎበዝ ነው፣ ጸባዩም ጥሩ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ግን ሶፍትዌሩንም የድርጅቱንም አሠራር አጠገቤ አስቀምጬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ፔይሮል የምትሠራው ልጅ ወሊድ ወጣችና የጡረታ መዋጮውን አንቺ አሳውቂ ተባልኩ። ሺቱን ስከፍተው የእኔ መሠረታዊ ደመወዝ 19 ሺህ፣ የእሱ 27 ሺህ። መደባችን አንድ ነው። የሥራ ዝርዝራችን ቃል በቃል አንድ ነው። ሁለታችንም የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ያለን፣ በልምድ ግን እኔ እበልጠዋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። አልጮህኩም፣ የሰው ደመወዝም አልጠራሁም። «ማስተካከያ ይገባኛል» ብቻ ነው ያልኩት። «አንቺ እኮ ባል አለሽ፣ ወንዶቹ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እኔ ልጆቼን በምን እንደማሳድግ የሚያስብ ይመስላል?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሕግ ያስጠይቃል ወይስ ደመወዝ የስምምነት ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል? ብከስስ ሊያባርሩኝ ይችላሉ? ደግሞ ፔይሮሉ በእጄ እያለ በስልኬ ፎቶ ላንሳው እንዴ? ቶሎ ንገሩኝ፣ ልጅቷ ስትመለስ ከእጄ ይወጣል።

ነፃ_ገበያ

እህቴ አትቆጪ ግን ደመወዝ ድርድር ነው። ልጁ ሲገባ «27 ካልሆነ አልመጣም» ብሎ ይሆናል። አንቺ ስትገቢ የሰጡሽን ተቀበልሽ። ይሄ መድልዎ ሳይሆን ገበያ ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት ደግሞ ቋሚ ሥራ ይዘሽ ክስ ምናምን ውስጥ ባትገቢ ይሻልሻል። ሌላ ቦታ ፈልጊና ስትወጪ ይቆጫቸው።

ችሎት_ዋይ

በመጀመሪያ ፎቶውን አታንሺ! ይሄን ሳልናገር ወደ ሌላው አልሄድም። ፔይሮሉን ያገኘሽው በሥራሽ ምክንያት ነው። አውጥተሽ ብትይዢው «የድርጅቱን ሚስጥር አወጣች» ብለው ሌላ ታሪክ ይከፍቱብሻል፣ የአንቺ ጥያቄም እዛው ይቀበራል። ያየሽውን ታውቂዋለሽ፣ ይበቃል። ሰነዱን በኋላ ፍርድ ቤት ያስመጣልሻል። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 87 ሴቶች በቅጥርም በክፍያም በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። አንቀጽ 14 ደግሞ አሠሪ ማድረግ የሌለበትን ይዘረዝራል፤ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ፣ በአካል ጉዳት «ወይም በሌላ ሁኔታ» በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግ አንዱ ነው። ከዛ በላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው በቀጥታ ይላል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የመድልዎ ስምምነት፣ 111ኛውን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ያጸደቀች አገር ናት። የእኩል ክፍያውን፣ 100ኛውን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ጨመረች። ሕግ የለም የሚልሽ ካለ አላነበበም።

ለነፃ_ገበያ፦ ድርድር አለ፣ ልክ ነህ። በልምድ፣ በትምህርት፣ በሥራ ውጤት ልዩነት መክፈልም ይቻላል። አሠሪው ግን ልዩነቱን በምን እንዳመጣው ሲጠየቅ «ባል አላት» ካለ፣ ያ ገበያ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። የሚቆጠረው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከዓመት በፊት የጀመረ ቢሆንም ወደ ኋላ ተመልሰሽ የምታገኚው 6 ወር ብቻ ነው። ዝም ባልሽ ቁጥር በየወሩ ከኋላ አንድ ወር ይቆረጣል። ሒሳብ አዋቂ ነሽ፣ አስቢው።

ደብተር_ያዥ

አሰብኩት። 8 ሺህ በ6፣ 48 ሺህ። ከዚያ በፊት ያለው በቃ ሄደ ማለት ነው?

ችሎት_ዋይ

ሄደ። ያለው እንዳይሄድ ነው አሁን።

የቅጥር_ሰው

ኤች አር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ላይ ነው የምሠራው፣ በሌላ ድርጅት። ለጠያቂዋ የማይጥማት ነገር ልናገር፣ ግን ፍርድ ቤት የሚያነሱብሽ ይሄንን ስለሆነ ከአሁኑ ብትሰሚው ይሻላል።

በየድርጅቱ አሮጌ ሠራተኛና አዲስ ሠራተኛ በደመወዝ ተለያይቷል። አዲስ ሰው ስንቀጥር ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ እንጠይቃለን፣ እዛ ላይ ጨምረን እንሰጣለን። በተለይ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው ሁሉ ሲወጣ አዲስ የሚመጣው ሰው በአሮጌው እርከን አልገባም ይላል። ስለዚህ አዲሱ ይበልጣል፣ ነባሩ እዛው ይቀራል። ያሳዝናል፣ ግን ወንዱንም ሴቱንም እኩል ነው የሚመታው። ድርጅትሽ «እኛ የነባርና የአዲስ ልዩነት ነው ያለን፣ ጾታ አላየንም» ብሎ ቢከራከር ዳኛው ይሰማዋል።

ስለዚህ አዲሱን ልጅ ብቻ አትይ። በአንቺ ዘመን የገቡ ወንዶች ስንት ይከፈላቸዋል? እነሱም እንደ አንቺ ዝቅ ብለው ከቀሩ የጾታ ክስሽ ይሳሳል። እነሱ ተስተካክሎላቸው አንቺ ከቀረሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ የቀድሞ ደመወዝ የመጠየቁ ልማድ ራሱ ችግር አለው። አንዲት ሴት የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ በርካሽ ከተቀጠረች ያ ርካሽ ደመወዝ በየሄደችበት ይከተላታል። አለቆቼ ግን ይሄን ልማድ ሊለቁት አይፈልጉም። ሁሌም «በጀት» ነው መልሱ።

ደብተር_ያዥ

የቅጥር_ሰው፣ አመሰግናለሁ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያየኸው። ከእኔ ጋር ከገቡት አንድ ወንድ አለ፣ የስቶር ሒሳብ ይሠራል፣ መደቡ ከእኔ በአንድ እርከን ያንሳል። እሱ ባለፈው በጀት ዓመት «የደመወዝ ማስተካከያ» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ከእኔ በላይ ሆኗል። በእርከን የሚያንሰኝ ሰው! ከነባር ሴቶች ግን ለማናችንም አልተጻፈም፣ ከግዢ ክፍሏም ከጸሐፊዋም ጠይቄያለሁ።

ችሎት_ዋይ

ይኸውልሽ። ክስሽን የሚያቆመው እሱ ነው። አዲሱ ልጅ ታሪክሽ ውስጥ ይኑር፣ ግን ዋናው ማነፃፀሪያሽ ነባሩ ወንድ ይሁን። የአዲስና የነባር ክርክራቸው እዛ ላይ ያበቃል።

ማስረጃውን እንዴት ታገኛለሽ ላልሽው። አሠሪ የደመወዝ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ጠቅላላው፣ ተቀናሹ፣ የተጣራው፣ የሠራተኛው ፊርማ ያለበት። ክስ ስታቀርቢ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በተከሳሽ እጅ ያለው መዝገብ ይቅረብልኝ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አናቀርብም ቢሉ ወይ ቢያስተካክሉት እንኳ ሌላ ቦታም አለ። አንቺው እንደምታውቂው የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በደመወዝ ነው፣ 7 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው፣ ይሄም በየወሩ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይገለጻል። የሥራ ግብሩም ገቢዎች ጋ አለ። ቁጥሩን ከሦስት ቦታ መደበቅ አይችሉም።

ጠንቀቅ የምትይው አበሉን ነው። ብዙ ድርጅት መሠረታዊ ደመወዙን አንድ አድርጎ ልዩነቱን በቤት፣ በትራንስፖርት፣ በስልክ አበል ይሸሽገዋል። አዋጁ ደግሞ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስን፣ የትርፍ ሰዓትን ከደመወዝ ትርጉም ያወጣቸዋል። የአንቺ ልዩነት መሠረታዊው ላይ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ፣ ሌሎች የምታነቡ ግን አበሉን ለይታችሁ ያዙ። እዛ ላይ አንቀጽ 14ን ይዞ መከራከር ነው የሚሻለው፣ ልዩነት ማድረግን ሲከለክል በደመወዝ ብቻ አልወሰነውም።

የማኅበር_ሰው

ልጄ፣ በፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበርም ነበርኩ። ይሄ ሁሉ ሕግ ትክክል ነው፣ ግን ብቻዋን የምትሄድ ሠራተኛ ትደክማለች። ድርጅታችሁ ውስጥ ማኅበር አለ? 10ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ 10 አባል ይበቃል። ማኅበር ካለ የደመወዝ እርከኑ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ኅብረት ስምምነት ይጻፋል። በጽሑፍ ያለ እርከን ደግሞ «ባል አላት» አይልም። እኛ ጋ ማሽን ላይ ያለች ሴትና ወንድ በአንድ እርከን ነበሩ፣ ምክንያቱም ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አሠሪው በገዛ እጁ እኩል አድርጎ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ስለሚያየው ነው።

ማኅበር ከሌለ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሄደሽ ጠይቂ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ፣ ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ጠበቃ ለመያዝ ብር የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

አመስጋኝ_ሁኑ

19 ሺህ ብር እየበላሽ ነው የምታማርሪው? አስተማሪ ስንት እንደሚከፈለው ታውቂያለሽ? ተመስገን በይ።

የማኅበር_ሰው

የአስተማሪው ማነስ ሌላ በደል ነው። አንዱን በደል በሌላው አትሸፍነው።

አዲስ_እናት

እኔም ከጎን ልግባ፣ የእኔ በደመወዝ ሳይሆን በውል ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ላይ ነበርኩ። ነፍሰ ጡር መሆኔ ሲታይ «ውልሽ በሰኔ ያበቃል፣ አናድሰውም» ተባልኩ። አላባረርንም፣ ውሉ ነው ያለቀው ይላሉ። ሥራው ግን አላለቀም፣ በቦታዬ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ወልጄ እስክነሳ ጊዜውም ነጎደ። ለጠያቂዋ የምመክራት አንድ ነገር ነው፣ «እናስብበታለን» ሲሉሽ አትጠብቂ።

ችሎት_ዋይ

አዲስ_እናት፣ ያንቺም ጉዳይ የተዘጋ ላይሆን ይችላል። አዋጁ አንድ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚባለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ሥራው ቋሚ ከሆነና በየዓመቱ ከታደሰ ወረቀቱ ላይ «የአንድ ዓመት» ስለተጻፈ ብቻ የአንድ ዓመት አይሆንም። እርግዝና ደግሞ አንቀጽ 26 ላይ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ተብሎ በስም ተጽፏል። ከወሊድ በኋላም እስከ 4 ወር ጥበቃ አለሽ። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር የሚገባሽ መሆኑን ታውቂያለሽ ብዬ ነው።

ክፉው ይርጋው ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ይታገዳል። ከሥራ ስትወጪ የሚከፈሉ ክፍያዎች በ6 ወር። ስንት ወር ሆነሽ? ቁጭ ብለሽ ቁጠሪና ዛሬውኑ የሕግ ድጋፍ ጋ ሂጂ።

ሲቪ_አከፋፋይ

እኛ ሥራ ፈላጊዎች ገና በሩ ላይ ነን። ማስታወቂያው «ጾታ፦ ወንድ» ይላል። ሌላው «ዕድሜ ከ28 በታች፣ ያላገባች፣ ቁመናዋ ያማረ» ይላል። እንግዳ ተቀባይ ነው እኮ የሚፈልጉት። ኢንተርቪው ላይ «በቅርብ የማግባት ሐሳብ አለሽ?» ተብያለሁ። ምን ልበል? አለኝ ብል ሥራ የለም። የለኝም ብል «እንዴት?» ይሉኛል። ይሄም በአዋጁ ውስጥ ይካተታል ወይስ ለተቀጠረ ብቻ ነው?

ችሎት_ዋይ

አንቀጽ 87 «ቅጥር» ስለሚል ገና ያልተቀጠረችም ሴት ትነካበታለች ነው የእኔ አነባበብ። እንዲያውም በውድድር ወንድና ሴት እኩል ውጤት ካመጡ ለሴቷ ቅድሚያ ይሰጣል ይላል፣ በቅጥርም በዕድገትም። በተግባር ግን ያልተቀጠረ ሰው ክስ ሲያቀርብ አላየሁም ማለት ይቻላል። ማስታወቂያውን ግን ስክሪንሹት አድርጊው፣ እሱ የአደባባይ ሰነድ ነው፣ እንደ ፔይሮሉ አይደለም። ለሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መስጠትም ትችያለሽ።

ነጭ_በትር

ማየት የተሳነኝ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ማስረጃ ስታወሩ የእኛን አዋጅ ማንም አላነሳውም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። እዛ ላይ መድልዎ ደርሶብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት መክሰስ ይችላል። አላደረግኩም ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። እንግዲህ ለእኛ የተቻለው ለሴቶች ለምን እንደማይሆን አይገባኝም፣ ደመወዙ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፉ ያለው አሠሪው ጋ ነው። በእርግጥ ይሄን አዋጅ የማያውቅ ኤች አር ስንት እንዳለ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፣ ኢንተርቪው ገብቼ «ማን ያመጣሃል፣ ማንስ ይመልስሃል?» ተብዬ የወጣሁበት አለ።

የሜሪላንዷ

አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ነርሲንግ ቤት ነው የምሠራው፣ ብዙ አበሻ አለን። እዚህም ልክ እንደዛው «ደመወዝሽን ለማንም እንዳትናገሪ» ይሉናል፣ ሕጉ ግን በተቃራኒው ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1935ቱ የሠራተኞች ሕግ አብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ከባልደረባው ጋር እንዲያወራ ይፈቅዳል። የእኛ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ያፍራል። ሜሪላንድም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የደመወዙ መጠን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይጻፍ ብላለች።

ይርጋ ስትሉ የሊሊ ሌድቤተር ነገር ትዝ አለኝ። አላባማ ውስጥ ጉድየር የጎማ ፋብሪካ ከ1979 እስከ 1998 የሠራች ሴት ናት። በእሷ ደረጃ ያሉት ወንዶች ስንት እንደሚከፈላቸው ያወቀችው ልትወጣ ስትል ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲያስቀምጥላት ነው። ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ላይ ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፈረደላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2007 አምስት ለአራት ሆኖ «አረፈድሽ» አላት፣ የመጀመሪያው የደመወዝ ውሳኔ ከተሰጠ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ ነበረብሽ ብሎ። ሳታውቀው እንዴት ትከስ? ኮንግረሱ ተቆጥቶ ሕጉን ቀየረው፣ ኦባማ በጥር 2009 ፈረመበት፣ አሁን እያንዳንዱ ጎዶሎ ክፍያ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። እሷ ግን ከድርጅቱ ምንም አላገኘችም። ሕጉ ብቻ በስሟ ተጠራ።

ችሎት_ዋይ

የእኛም በየወሩ የሚቆጠር ስለሆነ በዚህ በኩል ከእሷ ትሻላለሽ፣ ደብተር_ያዥ። የዛሬው ደመወዝሽ ጎዶሎ እስከሆነ ድረስ በሩ አልተዘጋም። የሚዘጋው የኋላው ነው።

ደብተር_ያዥ

እሺ፣ ወስኛለሁ። ለኤች አር ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ ነገ ላስገባ ነው። ግን ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛ ሊያባርሩኝ ይችላሉ? ሁለተኛ ደግሞ ባለቤቴ «የሥራ መሪ ነሽ ይሉሻል፣ አዋጁ አይመለከትሽም» አለኝ፣ ሦስት ጀማሪዎች በሥሬ ስላሉ።

ችሎት_ዋይ

ባለቤትሽ ጥሩ አድርጎ ነው ያሰበው። የሥራ መሪ በአዋጁ አይሸፈንም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። ግን የሚታየው ስሙ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። የድርጅቱን ፖሊሲ ታወጪያለሽ? ትቀጥሪያለሽ? ታባርሪያለሽ? ሦስት ጀማሪ መቆጣጠር ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግሽም። የሹመት ደብዳቤ ሰጥተው «ኃላፊ» ካሉሽ በኋላ እንዲህ ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ስለዚህ አሁን ድንገት ዕድገት ቢሰጡሽ ደብዳቤውን ሳታነቢ አትፈርሚ። እየቀለድኩ አይደለም።

ስለ መባረሩ፦ ቅሬታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ውል ለማቋረጥ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 ይላል፣ ለመብትሽ በመጠየቅሽ መበቀልንም አንቀጽ 14 ይከለክላል። አያባርሩሽም አልልም፤ ቢያባርሩሽ ሕገወጥ ነው የምልሽ። ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ ትጠይቂያለሽ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሳው የአማካይ ዕለታዊ ደመወዝ 180 እጥፍ ነው፣ የማስጠንቀቂያው ክፍያ ሲቀር። ያኔ 3 ወሯን እንዳትረሺ።

አሁን ዋናው። ለኤች አር ማመልከቻ ማስገባት ይርጋውን አያቆመውም! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላው። ደብዳቤ ያስገባል፣ «እያየነው ነው» ይሉታል፣ 6 ወር ያልፋል። ይርጋን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ስታቀርቢ ነው፣ ወይ አሠሪው የጠየቅሽው ይገባሻል ብሎ ሲያምንልሽ ነው፣ ይሄኛውን በጽሑፍ ካላገኘሽ አትመኪበት። ስለዚህ ለኤች አር አስገቢ፣ ግን የመልስ ጊዜ ወስነሽ፣ በሁለት ሳምንት ካልመለሱ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ አመልክቺ ወይም በቀጥታ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሂጂ። ዳኝነት አትከፍዪም። በ60 ቀን ይወሰናል ይላል አዋጁ። ቀጠሮ ሲበዛ ከዚያ ይረዝማል፣ ቢሆንም ከሌላው ፍትሐ ብሔር ይፈጥናል።

ማመልከቻው ላይ «በዚህ ቀን በቃል ስጠይቅ እንዲህ የሚል ምላሽ ተሰጥቶኛል» ብለሽ ሥራ አስኪያጁ ያለውን ቃል በቃል አስፍሪው። ስድብ አትጨምሪ። የሌላ ሰው ደመወዝ በቁጥር አትጻፊ፣ «በተመሳሳይና ዝቅ ባለ መደብ ላይ ላሉ ወንድ ሠራተኞች ማስተካከያ ተደርጎ» ብትዪ ይበቃል። ሁለት ቅጂ ያዢ፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር ጽፈው ማኅተም ያድርጉልሽ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ በፖስታ ላኪው።

የቅጥር_ሰው

ኢሜይልም ላኪላቸው። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ኢሜይል ግን አይጠፋም።

ደብተር_ያዥ

የቃል ምላሹን ጨምሬ እንደገና ጻፍኩት። የግዢ ክፍሏ ልጅም የራሷን ትጽፋለች፣ አብረን ነው የምናስገባው። ጸሐፊዋ ፈርታለች፣ አልፈርድባትም፣ ቤት ኪራይ አለባት።

ነፃ_ገበያ

ችሎት_ዋይ፣ አንድ ጥያቄ። ይሄ ነገር ለወንድም ይሠራል እንዴ? እኔ ባለሁበት አዲስ የገባችው ልጅ ከእኔ በ5 ሺህ ትበልጣለች። ሥራችን አንድ ነው።

ችሎት_ዋይ

አንቀጽ 14 «በሠራተኞች መካከል» ነው የሚለው፣ ለሴት ብቻ አይደለም። ነገር ግን አንተ ራስህ እላይ እንዳልከው በድርድር ያገኘችው ሊሆን ይችላል። ከአንተ ጋር የገቡት ሴቶች ስንት ነው የሚከፈላቸው?